ከኋላዬ መቀነቱን የያዘው

ማመን የማይፈልግ ካሁኑ ይውጣ። በሩ ክፍት ነው።

እኔ ሳህሉ ነኝ። ኦስሎ ውስጥ ሳህሉን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ብቻ ነው። ሳህሉ ሲያወራ ይጨምራል ይሉኛል። እጨምራለሁ! ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል? ይህንን ግን ጨምሬበት አይደለም የምጽፍላችሁ። ቀንሼ ነው።

ሌሊት አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ዓርብ፣ የገና ጾም መሐል። በዚያ ሰሞን የኦስሎ ፀሐይ ምሳዋን ሳትጨርስ ነው የምትተኛው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰማዩ ከሰል ነው።

ቦታው ቬስትሊ። የምድር ውስጥ ባቡሩ መጨረሻ። ከእኛ ፎቅ ጀርባ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ከማቆሚያው ጀርባ ጫካ ነው። ጫካው የት እንደሚያልቅ አልጠየቅሁም። ለእንግዳ ሳስጎበኝ እስከ ሩሲያ ይደርሳል እላለሁ።

ነገሩን ያመጣው ጌቱ ነው። እዚሁ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍና በርበሬ የሚሸጠው ጌቱ።

ሱቁ ውስጥ ወሬው ወደ ስኪ፣ በረዶ ላይ ወደ መንሸራተቱ ዞረ። አንዱ፣ በውሻ እየተጎተተ ስኪ የሚሄድ ፈረንጅ አይቶ እየሳቀ ያወራል። እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት?

"እሱማ የኔ ስፖርት ነው" አልኩ።

"የምኑ?" አለ ጌቱ።

"በውሻ ተጎትቶ ስኪ። ስኖረሾሪንግ ይባላል። ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው 'ሳህሉ፣ እባክህ አስተምረን' ይሉኛል።"

ጌቱ በሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሆዴን አየ። ቀስ ብሎ አየ።

"ሳህሉ ወንድሜ፣ አንተን ውሻ አይደለም፣ ክሬን ነው የሚጎትትህ።"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሽሮ የምትገዛ አንዲት ሴትዮ ሳይቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችብኝ።

"ዓርብ ቪዲዮው ይደርስሃል" አልኩት። "ዓርብ!"

እንግዲህ እውነቱን ካወራን፣ ስኪ ላይ አንዴ ቆሜ አውቃለሁ። መቆም ብቻ።

ውሻው ግን ነበረ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤታችን ፊሊፕ ጡረተኛ ነው፤ ብርዱ ሲብስ ስፔን ይሄዳል። ልጄ ናታሊ ውሻውን እያበላች፣ እያናፈሰች ትጠብቅለታለች። ናታሊ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ናት። በእግሯ ከመሄዷ በፊት በስኪ ሄዳለች ብል የማጋንነው ትንሽ ነው።

ውሻው ባምሰ ይባላል። ግራጫ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥጃ የሚያክል። እሺ፣ ትንሽ ጥጃ።

እኛ ቤት አይገባም። ሚስቴ ጽጌ "ሥዕል ባለበት ቤት ውሻ አይገባም" ብላ ከደጃፍ መልሳዋለች። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ከናታሊ ጋር ወደ ፊሊፕ ቤት ወረድን። ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

"ባባ፣ ስማኝ። ቀልድ የለም።"

"እየሰማሁ ነው።"

"ይሄ ሴለ ነው፣ ባምሰ የሚለብሰው። ደረቱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጉሮሮው ላይ አይደለም። እንዳያንቀው። ይሄ ገመዱ ነው፤ መሐሉ ላስቲክ ነው፣ ድንገት ሲስብህ ወገብህን እንዳይነቅልህ። ይሄ ለእግሩ ካልሲ..."

"ካልሲ? ለውሻ?"

"በረዶው መዳፉን ይሰነጥቀዋል፣ ባባ። አትሳቅ። ይሄ ደግሞ ያንተ ቀበቶ።"

ቀበቶው ሰፊ ነው። ከፊቱ ገመዱ የሚገባበት መንጠቆ አለው። ከመንጠቆው ላይ ቀይ ቁራጭ ገመድ ተንጠልጥላለች።

"ቀይዋን ሳብ ስታደርጋት ገመዱ ይለቃል። ውሻው ሚዳቋ አይቶ ቢፈተለክ፣ ብትወድቅ፣ ምንም ነገር ቢመጣ... ቀይዋን ትስባለህ። አለቀ።"

"እኔ አልወድቅም።"

"ባባ፣ ሰሪየስት! ቀበቶው እንድትታሰር አይደለም። እንድትፈታ ነው።"

ችግሩ ፊሊፕ ሸምበቆ ነው። የሸምበቆ ቀበቶ ለኔ ገላ እንዴት ይሆናል? ትንፋሼን ዋጥኩ። ሆዴን እስከ ጀርባዬ አስገባሁ። ናታሊ ጉልበቷን ጎኔ ላይ ተክላ ሳበች። ሁለቱ ጫፎች ከሩቅ ተያዩ እንጂ አልተጨባበጡም።

"ነገ ትልቅ ቀበቶ እንዋሳለን" አለች እያለከለከች።

"ነገ? ጌቱ ዛሬ ነው የሚጠብቀው!"

"ጌቱ ይጠብቃ።"

"አንቺ ውሻውን አልብሺና ውጪ ጠብቂኝ። መጣሁ።"

ወደ ቤት ወጣሁ። ጽጌ ሥራ ላይ ነበረች። ቁምሳጥኗን ከፈትኩና በበዓል ቀን የምትታጠቀውን መቀነት አወጣሁ። ረጅም ነው፣ ነጭ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ጥለት ያለው። ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። ከፊት በኩል ለገመዱ የሚሆን ቀለበት ሠርቼ ቋጠርኩ። የተረፈውን ጫፍ ከኋላዬ ወሸቅሁት፤ ካፖርቴን ደረብኩበት።

ስለ ቋጠሮ ለኔ አይነገረኝም። መርካቶ ጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሳስር ያደግሁ ሰው ነኝ። እኔ የቋጠርኩትን የሚፈታ ገና አልተወለደም።

ጫካው አፍ ላይ ናታሊ ባምሰን ይዛ ቆማለች። የግንባር መብራቷን አብርታለች። ውሻው በደስታ ይንቀጠቀጣል። ስኪውን አጠለቀችልኝ፣ ዱላዎቹን ሰጠችኝ፣ አንድ ትንሽ መብራትም ግንባሬ ላይ አሰረችልኝ። ገመዱን ግን እኔው ካፖርቴ ሥር ሰክቼ ቀለበቱ ውስጥ አሰርኩት።

"እስቲ ቀበቶውን አሳየኝ።"

"ምን ያሳያል?"

ካፖርቴን ገለጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እየቀረጸች በሳቅ ታጠፈች።

"የማማ መቀነት! ባባ! ማማ ትገድልሃለች!"

ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ኔይ... ኔይ፣ ባባ፣ ይሄ እኮ አይለቅም። የት ነው የሚሳበው? ፍታው።"

"አይፈታም። ዋናው ቁም ነገሩ እሱ ነው።"

"ፍታው አልኩህ!"

"ሂድ ባምሰ! ሂድ በለው!"

ባምሰ አማርኛ አይችልም። ድምፅ ግን ይገባዋል።

ሄደ!

ወገኖቼ፣ ሮኬት ነው። ዛፉም፣ የመብራት ምሰሶውም፣ ሰማዩም አብረው ሮጡ። ዱላዬ አየር እየቀዘፈ፣ ግን አልወደቅሁም። አልወደቅሁም! መንገዱ ዳርና ዳር መብራት አለው። ናታሊ ከኋላ "ቀስ በል! ስቶፕ በለው!" እያለች ትከተላለች።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። የስኪ ትምህርት ያላቸው ሕፃናት። ሰልፍ ሠርተው፣ እንደ ጫጩት፣ እየተንሸራተቱ አለፉኝ። በውሻ የሚጎተተውን ሰውዬ በእግራቸው አለፉት። አንዷ ጥርሷ ያልበቀለ ዘወር ብላ "ሄያ! ሄያ!" ብላ አጨበጨበችልኝ።

ይህ ቪዲዮ ጌቱ ጋ ከደረሰ አልቆልኛል።

በቀኝ በኩል አንዲት ጠባብ መንገድ ወደ ጨለማው ትገባለች። መብራት የላትም፣ ሰው የላትም። ገመዱን በጉልበቴ ወደዚያ ገፋሁት። ባምሰ ታጠፈ።

"ባባ፣ እዚያ አይደለም! ባባ!"

ድምፅዋን ሰማሁ። ትከተለኛለች ብዬ ነዳሁት።

ትንሽ እንደሄድን ጫካው ሁሉንም ድምፅ ዋጠው።

የሕፃናቱ ጫጫታ ጠፋ። የመንገዱ ብርሃን ጠፋ። የኔ ትንሽዬ መብራት የምታሳየኝ የባምሰን ጀርባና የተዘረጋውን ገመድ ብቻ ነው።

ከኋላዬ የስኪ ድምፅ አለ። ሽሽሽ... ሽሽሽ...

"ናቲ፣ አለሽ?"

"ያ" አለች። አዎ ማለቷ ነው፤ እዚህ የተወለዱት አዎ አይሉም።

"አየሽ አባትሽን? የተወለድኩበት ነው የሚመስለው አይደል?"

"ያ።"

ዞሬ ላያት አልችልም። ስኪ ላይ አንገቴን ካዞርኩ ወገቤም ይዞራል፤ ወገቤ ከዞረ መሬት ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደፊት አድርጌ አወራሁ። ጌቱን ሰደብኩ። ንጉሡ ለኖርዌይ ቡድን እንድሮጥ እንደሚለምነኝ ነገርኳት። ሌላ ጊዜ "ኧረ ባባ፣ በቃህ" ትለኝ ነበር።

"ያ" ብቻ።

ሽሽሽ... ሽሽሽ...

የዱላ ድምፅ የለም።

ስኪ የሚሄድ ሰው ዱላው በረዶውን ሲወጋ ጭቅ ጭቅ ይላል። የኔ ይላል። ከኋላዬ ያለው አይልም። ይንሸራተታል ብቻ።

ሌላም ነገር ነበር። የናታሊ መብራት ኃይለኛ ነው። ከኋላዬ ከመጣች ጥላዬ ከፊቴ በረዶው ላይ መውደቅ አለበት። አየሁ... ጥላ የለኝም። ከኋላዬ የሚበራ ነገር የለም።

ባትሪ እየቆጠበች ነው አልኩ ለራሴ። የኔ ልጅ ቆጣቢ ናት።

ባምሰ እየሮጠ ወደ ኋላ ይገላመጥ ጀመር። ዓይኖቹ በመብራቴ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ባምሰ አልጮኸም። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ ያያል...

እኔን አይደለም። ከኔ በላይ ነው የሚያየው። ከትከሻዬ ከፍ ብሎ።

ያን ጊዜ ነው ከወገቤ ኋላ የወሸቅሁት ጫፍ መፈታቱ የታወቀኝ። ከካፖርቴ ሥር ወጥቶ በረዶው ላይ ይጎተታል። ምላሴ ያን ጊዜ ዝም ብትል ምን ነበረበት!

"ናቲዬ፣ ደከመሽ እንዴ? ድምፅሽ ጠፋ። ይኸው የመቀነቱ ጫፍ ከኋላዬ አለልሽ፣ ያዢው! ያዢው በሞቴ! እኔና ባምሰ እስከ ስዊድን እንጎትትሻለን!"



ሽሽሽታው ቆመ።

"በሞቴ ያዢ አልኩሽ እኮ!"

ቀስ ብሎ... በጣም ቀስ ብሎ... ወገቤ ወደ ኋላ ተሳበ።

"ጎሽ" አልኩ።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። ዘንቢል እንደመጎተት። ቀጥሎ ልጅ እንደመጎተት። ቀጥሎ ሰው። ባምሰ ፍጥነቱ ወረደ። ሩጫው እርምጃ ሆነ። ትከሻው ወደ መሬት ዝቅ አለ፣ ማለክለኩ ተሰማኝ። መቀነቱ ሆዴ ውስጥ እየገባ ትንፋሼን አሳጠረው።

"አንቺ ልጅ፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው?"

ያን ጊዜ ደረት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንጫረረ።

አወጣሁት።

ናታሊ።

ስቄ አነሳሁት። ከኋላዬ ሆና እየቀለደችብኝ መስሎኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ "አቤት እመቤት!" አልኩ።

"ባባ፣ የት ገባህ?" ታለቅሳለች ማለት ይቀላል። "መገንጠያው ጋ ወደቅሁ እኮ! ስኪዬ ተሰበረ። ስጮህ አትሰማም? መብራቱ ሥር ነው ያለሁት።"

"የት?"

"መብራቱ ሥር! ጠባቡ መንገድ ውስጥ አልገባሁም። አንተስ?"



"ናቲ" አልኩ በሹክሹክታ። "ከኔ ኋላ... አይደለሽም?"

"ባባ፣ ሰሪየስት። ለምን ታንሾካሹካለህ?"

"ታዲያ ከኋላዬ ያለው..."

"ያ" አለ ከኋላዬ።

ከጆሮዬ አጠገብ። የልጄ ድምፅ ነው። ትንፋሽ ግን የለውም። በዚያ ብርድ የሰው ቃል እንፋሎት አለው፤ ጉንጭህ ላይ ይሰማሃል። ምንም አልተሰማኝም።

እጄ ወደ ሆዴ ሄደ። ቀይዋን ገመድ ፈለገ። ቀይ ገመድ የለም። ያለው የኔ ቋጠሮ ነው። ላቤ አርሶት፣ ብርዱ አድርቆት፣ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ጓንቴን አውልቄ ዳግመኛ ቧጠጥኩት። ጥፍሬ ተገነጠለ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

"ባባ? ሃሎ?"

የናታሊ ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ ባምሰ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ከመንገዱ ወጥቶ በዛፎቹ መሐል ወደ ግራ፣ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈ። ከታች፣ ከግንዶቹ መሐል፣ የመብራቱ መንገድ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ናታሊ እዚያ ናት። ውሻው ወደምትወደው ልጅ እየወሰደኝ ነው።

እኔን ብቻ አይደለም የሚወስደው።

"ናቲ፣ ስሚኝ" አልኩ። "ሂጂ። ወደ ባቡሩ ሂጂ። ሰው ወዳለበት።"

"ምን ሆነህ ነው? ወደቅህ?"

"ሂጂ በማርያም!"

"ታስረህ ነው አይደል? ስቶፕ ማለትም አትችልም። ቆይ፣ መጣሁ።"

"አትምጪ! ናቲ... አትምጪ..."

ዘጋችው።

ከታች አንዲት ነጭ መብራት ከመንገዱ ተነጥላ ወደ ዛፎቹ ገባች። እየዘለለች፣ ወደ እኛ።

ልጄ ናት። እንደ እናቷ ናት፣ ሂጂ ሲሏት የምትመጣ።

ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጌቱ የሚስቅበት። ክብደቴን ሁሉ ለቀቅሁት። በፊቴ ተደፋሁ። ባምሰ በገመዱ ተይዞ ቆመ። ስኪዎቼ ተጣመሩ፣ አንዱ ተነቅሎ ወደ ታች ተንሸራተተ።

ጸጥ።

ከኋላዬ መቀነቱ ላላ።

ፊቴ በረዶ ውስጥ ነው። አልተነሳሁም። አልዞርኩም። ሰማሁ ብቻ።

ሽሽሽ...

ከእግሬ አጠገብ።

ሽሽሽ...

ከወገቤ አጠገብ። የመቀነቱ ጨርቅ በጀርባዬ ላይ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እባብ። ትከሻዬን አለፈ። ጆሮዬን ነካው።

አለፈኝ።

ከዚያ ከፊቴ... ወደ ቁልቁለቱ... ወደ መብራቷ... መቀነቱ ተወጠረ።

ቀና አልኩ። የመብራቴ ብርሃን ላይ ነጩ ጨርቅ ከሆዴ ተነስቶ፣ መሬት ሳይነካ፣ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ጫፉ ጨለማው ውስጥ ነው። ከጨለማው ማዶ የናታሊ መብራት ናት።

ሳበኝ። በሆዴ ተንሸራተትኩ።

የሆነ ግንድ መጣልኝ። በሁለት እጄ፣ በሁለት እግሬ አቀፍኩት። እንዲህ አጥብቄ ሚስቴንም አቅፌ አላውቅም።

ገመዱስ? ዞሬ አየሁ። ባምሰ ጀርባውን ለናታሊ ሰጥቷል! ወደ ዳገቱ ዞሮ፣ ደረቱ በረዶውን እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ አራት እግሩን ተክሎ ወደ ላይ ይስባል። ማንም አላዘዘውም።

ቅድም ፍታኝ እያልኩ ቋጠሮዬን ስረግም የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን አፌን በረዶ ሞልቶት የምለው ሌላ ነው።

"አትፈታ... አትፈታ... ማርያምን አትፈታ..."

"ባባ!"

ናታሊ ቆመች። ድምፅዋ ከጨርቁ ጫፍ የአንድ ክፍል ያህል አይርቅም።

"ባባ... ምንድን ነው እሱ? ማን ነው የያዘልህ?"

"ምን ይታይሻል?"

"ጨርቁ... አየር ላይ ነው..."

"ወደ ኋላ! ሳትዞሪ ወደ ኋላ ሂጂ!"

አልሄደችም። ደርቃ ቀረች። መቀነቱ እየተንዘረዘረ ይዘምር ጀመር፣ እንደ ክራር ጅማት። የጎድን አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት። ባምሰ ከጉሮሮው እንደ ሰው አቃሰተ። የናታሊ መብራት ብልጭ ድርግም አለች...

ከዚያ ተለቀቀ።

እንዲሁ። ጨርቁ በረዶው ላይ ወደቀ። ቀላል ነገር ነበር፣ የሚስቴ መቀነት።

ናታሊ ሮጣ መጥታ ላዬ ላይ ወደቀች። ሞቃለች። ትተነፍሳለች። እንፋሎት አላት። ገመዱን ከባምሰ ሴለ ላይ ነቀለችው፣ ደግፋ አነሳችኝ፣ ሦስታችንም ወረድን። እስከ ቤት አንድ ቃል አልወጣኝም። ይህን ካላመናችሁ ሌላውን ተዉት።

ጽጌ ቋጠሮውን መፍታት አቅቷት በወጥ ቤት መቀስ ቀደደችው። መጀመሪያ ስለ መቀነቷ ልትጮህብኝ ነበር። ሆዴን ስታይ ተወችው። ጥቁር ሰንበር ዙሪያዬን ይዞኛል። ጌቱ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም።

ናታሊ ባምሰ ብቻውን አያድርም አለች። ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለች። "ከኮሪደሩ እንዳያልፍ ግን።" ሴለውን አውልቀንለት ደጃፍ አጠገብ ተኛ።

ሌሊቱ ምንም አልነበረውም። ደህና አደርን።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ብርቅ ነው፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። ጽጌ የተቀደደውን መቀነት በፌስታል ይዛ፣ ለቄሱ አሳያለሁ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ናታሊ ክፍሏ ውስጥ ስትዘፍን ይሰማኛል። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ጌቱን ምን ብዬ እንደማበሽቀው አስቤ ነበር እንኳን።

ከኮሪደሩ የጥፍር ድምፅ ሰማሁ። ወለል ሲቧጠጥ።

ክርርር... ክርርር...

ወጣሁ።

ባምሰ ኮሪደሩ መሐል ቆሟል። ፊቱ ወደ ውጪው በር ነው። ጀርባው ወደ ናታሊ ክፍል።

ደረቱ ወለሉን ሊነካ ዝቅ ብሏል። አራት እግሩን ተክሏል። ምላሱ ወጥቶ ያለከልካል። እየሳበ ነው።

ምንም አልለበሰም። ሴለው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ገመድ የለም። ደረቱ ላይ ግን፣ ሴለው በሚያርፍበት ቦታ፣ ፀጉሩ ተጣብቆ ወደ ውስጥ ሰምጧል። የሆነ ነገር ወደ ኋላ እንደያዘው።

ከኋላው አየሁ። ባዶ ወለል። ፀሐይ። የናታሊ የተዘጋ በር።

ባምሰ ዓይኑን አነሳና አየኝ። የኋላ እግሮቹ በትንሹ... ወደ ኋላ ተንሸራተቱ።

ክርርር...

ተንበረከክሁ። አንገቱን፣ ደረቱን በሁለት እጄ አቀፍኩ። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ፣ ያለኝን ክብደት ሁሉ ወደ ውጪው በር ጣልኩት። ልቡ ከልቤ ጋር ይመታል።

ቆምን።

ትንሽ ቆምን።

ከዚያ ሁለታችንም፣ አብረን፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። በጣም ቀስ ብሎ።

ናታሊ መዝፈኗን አቆመች።

"ባባ!" አለች ከውስጥ። "በሩን አትግፋው፣ እየለበስኩ ነው።"

እኔና ባምሰ በሩ ጋ ገና አልደረስንም ነበር።